ከአደጋ በኋላ ትንንሽ ነጋዴዎችን እንዴት እንርዳ?



አደጋ ደረሰ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታሰበን እህል፣ ብርድ ልብስና መጠለያ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የራበው ሰው ዛሬውኑ መብላት አለበትና። ነገር ግን እርዳታው ተከፋፍሎ መኪናው ከተመለሰ በኋላ በዚያ ቦታ ኑሮ እንዴት እንደሚቀጥል ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ጉዳይ ነው። ዋናው ሐሳብም በአጭሩ ይህ ነው፦ የተጎዳ ከተማ የሚያገግመው ነጋዴውና ምግብ ቤቱ እንደገና ደንበኛ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ በእርዳታ ገንዘብ ከማን እንደምንገዛ ማሰብ ራሱ ከእርዳታው የሚቆጠር ነው።

1. አደጋ ትንሹን ነጋዴ የሚጎዳው እንዴት ነው?

በቅርብ ዘመን በአገራችን ከደረሱት አደጋዎች ሁለቱን እንመልከት። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን አጥለቀለቀ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም ቤት አልባ ሆኑ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው በዳርቻው ይኖራል፣ ይነግዳል። ጎርፉ የመጣው ግን በስተላይ በደጋው ከዘነበው ዝናብ ነበር።

ሁለተኛው፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት ናዳ ነው። በዚያም ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ በሁለተኛው ናዳ የተዋጡ ነበሩ።

ድሬዳዋ ላይ ውሃው የመታው ከተማ ነው፤ ጎፋ ላይ ናዳው የመታው የገበሬ መንደር ነው። ሆኖም በሁለቱም ዓይነት አደጋ ከሕይወት መጥፋት ቀጥሎ የሚመጣው ጉዳት በሦስት ይከፈላል።

ሀ/ የንብረት ጉዳት። ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የሚኖሩትም የሚነግዱትም በአንድ ቤት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ሱቁም፣ ድስቱም፣ የስፌት መኪናውም አብሮ ይሄዳል። የመድን ዋስትና ያለው ከመካከላቸው ጥቂት ነው።

ለ/ የደንበኛ መጥፋት። ይህ አደጋው ያልነካውንም ቤት ይጎዳል። እኛ የምንኖርባት ቦንጋ በኮረብታ ላይ የተሠራች ናት፤ የካፋም ዝናብ ብዙ ወራት ይዘንባል። ናዳ የጅማን መንገድ ቢዘጋ በመንገዱ ዳር ያለ ሻይ ቤት ግድግዳው ሳይሰነጠቅ ገበያው ይሞታል። ሾፌሩ አይቆምም፤ የካፋን ደን ለማየት የሚመጣው እንግዳም ይቀራል።

ሐ/ የዱቤ መሰባበር። ትንሹ ነጋዴ ከጅምላ ሻጭ በዱቤ ያመጣል፣ ለጎረቤት በዱቤ ይሰጣል። አደጋ ሲደርስ የሚከፍለው ሰው ያጣል፤ የሚከፈለው ግን ዕዳውን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት ጎርፍ ያልገባበት ሱቅ በወሩ ሊዘጋ ይችላል።

ከሦስቱም የሚብሰው ግን ከነጋዴው ሕሊና ላይ የሚያርፈው ነው። ትናንት ሰው ስታበላ የነበረች ሴት ዛሬ ሳህን ይዛ ከተሰለፈች፣ ሳህኗን ብንሞላላትም ሥራዋን አልመለስንላትም።

2. አንድ ብር ሁለት ሥራ ሲሠራ

ይህን በምሳሌ እንየው። ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ብለን 20,000 ብር አዋጣን እንበል። በዚህ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ብስኩትና መኮሮኒ ብናስመጣ ሰዎቹ ይበላሉ። ገንዘቡ ግን በዚያው ቀን ከአካባቢው ወጥቷል፤ ከፊሉም ለመኪና ኪራይ ሄዷል።

ይህንኑ ገንዘብ ደንበኛ ላጡ ሦስት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ከፍለን ለተፈናቃዮቹ እንዲያበስሉ ብናደርግስ? ሰዎቹ አሁንም ይበላሉ፤ ያውም ትኩስ ምግብ። ባለቤቷ ደግሞ ሳህን አጣቢዋን አታሰናብትም። ቆጮውንና ጎመኑን ከጊምቦ ወይም ከዴቻ ገበያ ይዛ ከምትመጣው እናት ትገዛለች፤ ለእንጨት ሻጩና ለወፍጮ ቤቱም ትከፍላለች። እነሱም በተራቸው ሳሙናና ጨው ከጎረቤት ሱቅ ይገዛሉ። እንግዲህ ያው 20,000 ብር የተራበውን አብልቷል፤ የሚሠራውንም ከሥራው አላፈናቀለም ማለት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከእህል ሌላ ጥሬ ገንዘብም ለተረጂዎች እንዲሰጥ አድርጓል። ተረጂው ከገበያ ሲገዛ ሻጩም ይጠቀማልና።

በውጭ አገርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ከባድ አውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን ደሴት በመታ ጊዜ ሆዜ አንድሬስ የተባለው የምግብ ባለሙያ ከአካባቢው አብሳዮችና ምግብ ቤቶች ጋር ተባብሮ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ምግብ አቅርቧል። በጃፓን ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ሰሜን ምሥራቁን ክፍል ካወደመ በኋላ፣ የቀረው ሕዝብ በሐዘን ምክንያት የፀደይ በዓሉንና ግብዣውን ተወ። በዚህ ጊዜ ኢዋቴ በተባለው በተጎዳው አውራጃ የሚኖሩ የሩዝ መጠጥ ጠማቂዎች ለሕዝቡ ጥሪ አደረጉ፤ ስለ እነሱ ብሎ ከመግዛት እንዳይቆጠብ፣ ይልቁንም ምርታቸውን እንዲገዛ ለመኑ። ሐዘን ክቡር ነው፤ ነገር ግን ገበያ በመተው የሚገለጥ ሐዘን ያዘኑትን ሰዎች ደግሞ ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

3. ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የት ላይ ነው?

ሁልጊዜ ከአካባቢው ይገዛ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። መንገድ ተዘግቶ በገበያው ያለው እህል ጥቂት ከሆነ፣ እኛ በብዙ ገንዘብ ስንሸምት ዋጋው ይወጣል፤ የሚጎዳውም በቀን ሥራ የሚያድር ድኻ ነው። በዚህ ጊዜ እህል ከውጭ መምጣት አለበት። እንደ ጎፋው ናዳ መንደር ሲጠፋም በቦታው የሚገዛበት ሱቅ የለም፤ ነገር ግን እቃው ቅርብ በሆነ ከተማ፣ ለምሳሌ በሳውላ፣ የሚገኝ ከሆነ ከሩቅ ከማስጫን ከዚያ መግዛት ይሻላል። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት «እቃው በገበያው በበቂ አለ ወይ? ዋጋውስ ትናንት ስንት ነበር?» ብለን እንጠይቅ።

ነጋዴውም ግዴታ አለበት። በሰው ችግር ዋጋ የሚያንር ነጋዴ ድጋፍ አይገባውም። ድጋፋችን በትክክለኛ ሚዛንና በቀድሞው ዋጋ ለሚሸጠው ይሁን።

4. ከእኛ ከወጣቶች ምን ይጠበቃል?

ሀ/ ዕዳን መክፈል። በዱቤ ወይም በወር ኮንትራት የምንበላ ተማሪዎች አደጋ በደረሰ ሳምንት ሒሳባችንን እንዝጋ። ይህ ስጦታ አይደለም፤ ለባለ ምግብ ቤቷ ግን ከስጦታ ይበልጥባታል።

ለ/ በዚያ ወር ከትንሹ መግዛት። ሻይ፣ ዳቦ፣ ደብተርና የልብስ ጥገና ከተጎዳው ሰፈር ይሁን። ዋጋ አንከራከር።

ሐ/ መነሻ ገንዘብ ማሰባሰብ። እድርና እቁብ በየሰፈሩ አሉ። የእቁብ አባላት ተስማምተው ዕጣውን ለተጎዳው አባል ቢያስቀድሙለት አንዲት ሴት ጀበናዋን፣ ስኒዎቿንና ከሰሏን መልሳ ልትገዛ ትችላለች።

መ/ ጉልበት ማዋጣት። ከሱቅ ጭቃ ማውጣትና ጣሪያ መምታት ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ቀን በደቦ ብንሠራ ሱቁ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይከፈታል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ አንድ ሰው የወደቀን ሱቅ ማንሣት ያቅተዋል። ሃምሳ ደንበኞች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሻይ በመጠጣት ያነሡታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1ኛ/ በሰፈራችሁ መንገድ ለሁለት ሳምንት ቢዘጋ በመጀመሪያ የሚዘጉት የትኞቹ ሥራዎች ናቸው? ለምን?

2ኛ/ የእርዳታ እህል በነፃ ሲታደል በአጠገቡ እህል የሚሸጠው ነጋዴ ምን ይሆናል? ይህን እንዴት ማስታረቅ ይቻላል?

3ኛ/ አሁን ያለባችሁን የዱቤ ዕዳ ጻፉ። በዚህ ወር መክፈል የምትችሉት የትኛውን ነው?