ጸጉርና ጥርስ ያለበት ዕጢ፦ ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ

ከአንዲት ሴት ሆድ ጸጉርና ጥርስ ያለበት ዕጢ ወጣ ሲባል አንዳንዱ መተት ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ክኒኑ ወይም ሉፑ ያመጣው ነው ብሎ ያስወራል። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ይህ ዕጢ በሕክምና አጠራር ደርሞይድ ይባላል።

ምንድን ነው?
ሴት ልጅ ከማሕፀንዋ ግራና ቀኝ ኦቫሪ የሚባሉ ሁለት የእንቁላል ማምረቻዎች አሏት። በውስጣቸው ያለው የዘር ሕዋስ ልዩ ልዩ የሰውነት ክፍሎችን የመሥራት ችሎታ አለው። አንዳንድ ጊዜ ያለ እርግዝና በራሱ ሲባዛ ቅባት፣ ጸጉር፣ አልፎ አልፎም ጥርስ የያዘ ከረጢት ይፈጠራል። ጽንስ አይደለም፤ የማንም ጥፋትም አይደለም። ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ያህል ብቻ ነው።

እንዴት ይታወቃል?
ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለሌለው የሚገኘው ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲታይ ነው። ሲያድግ ግን የታችኛው ሆድ ይከብዳል፤ በአንድ ጎን ወይም በግንኙነት ጊዜ ሕመም ሊኖር ይችላል። ሐኪሙ እርግዝና አለመኖሩን በሽንት ምርመራ ካረጋገጠ በኋላ አልትራሳውንድ ያዛል።

ተጠንቀቁ!
ዕጢው ከነኦቫሪው ሊጠመዘዝና የደም ዝውውሩን ሊያቋርጥ ይችላል። ድንገተኛ ከባድ የሆድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ «ነገ ይሻላት ይሆናል» አትበሉ። ኦቫሪውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ስለሆነ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እንዴት ይወጣል?
ደርሞይድ በመድኃኒት አይጠፋም። ትንሽ ከሆነ ሐኪሙ እየተከታተለ ሊያቆየው ይችላል፤ ካደገ ወይም ካሳመመ በኦፕራሲዮን ይወጣል። አንዱ መንገድ የእንቁላል ቱቦ ለመቋጠርም የሚያገለግለው ላፓራስኮፒ ነው። ሴትየዋ በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ ሆድዋ በጋዝ ይነፋል። በእንብርትዋ በኩል ቀጭን ካሜራ፣ በሌሎች 2 ወይም 3 ትናንሽ ቀዳዳዎች ደግሞ መሣሪያዎች ይገባሉ። ሐኪሙ ዕጢውን ከጤነኛው የኦቫሪ ክፍል ለይቶ በከረጢት ያወጣዋል። ቅባቱ ከፈሰሰ ሆድ ዕቃን ስለሚያስቆጣ በደንብ ይታጠባል። ብዙዎች በ1 ወይም በ2 ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

መሣሪያው በየሆስፒታሉ አይገኝም። በሌለበት፣ ወይም ዕጢው በጣም ትልቅ ሲሆንና ካንሰር ሲጠረጠር፣ ሆድ ተከፍቶ ይወጣል፤ ይህም የታወቀ ሕክምና ነው።

መውለድስ ይቻላል?
አዎን። አንድ ኦቫሪ ቢወጣ እንኳ በቀረው ማርገዝ ይቻላል። ሆኖም ዕጢው ከመቶ 10 በሚያህሉ ሴቶች ሁለቱንም ኦቫሪዎች ስለሚይዝ ጤነኛውን ክፍል ማትረፍ ትልቅ ጥቅም አለው። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለታችሁም አብራችሁ ቀርባችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ኦቫሪው ይተርፋል ወይ? ለማርገዝ ምን ያህል እንጠብቅ? እስከዚያው የትኛው የወሊድ መከላከያ ይስማማናል? ሐሜትን ትታችሁ በጊዜ መመርመር ለጤናም፣ ለትዳርም፣ ነገ ለሚወለደውም ልጅ ይበጃል።