ጭቃን በጭቃ፣ ሲሚንቶን በሲሚንቶ፦ የኪራይ ቤት የማዕድ ቤት መደብ በትንሽ ወጪ ሲጠገን

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬም ሆነ ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ ቤት የሚከራይ መምህር፣ የጤና ባለሙያ ወይም ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ድስት የሚያርፍበትና ሽንኩርት የሚከተፍበት የማዕድ ቤቱ መደብም ወይ በጭቃ የተመረገ፣ ወይ ላዩ በሲሚንቶ ሊሾ የተደረገ ነው። ጠርዙ ይሸረፋል፣ መሀሉ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ፍርፋሪና ጉንዳን ይሞላል።

ጥገናውን የሚያበላሸው በጭቃ መደብ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ነው። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሎ አድሮ ከሥሩ ይለቅና ይነሳል፤ ሲነሳም ጭቃውን ይዞ ስለሆነ ቀዳዳው ከበፊቱ ይሰፋል። ስለዚህ መጀመሪያ መደቡ ከምን እንደተሠራ በቢላዋ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ እዩ።

ከዚያ ጉዳቱን በስልክ ፎቶ አንሱና ለአከራያችሁ አሳዩ። «እትዬ፣ ይቺን ጠርዝ ልመርጋት ነበር፤ ይፈቅዱልኛል?» ማለት ቤቱን ስትለቁ ከሚመጣ ንትርክ ያድናል። አንዳንዷ አከራይ ጭዱን ራሷ ታቀብላለች።

የጭቃ መደብ ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው፦

1. አፈር መምረጥ። ጥቁሩ ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ቀላ ያለውን አፈር ንፉና ትንሽ ቂጣ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ቂጣው ከተሰነጠቀ አሸዋ ጨምሩ፤ በእጅ ሲነካ ከተፈረፈረ አሸዋው በዝቷል ማለት ነው። ይህን ሙከራ አትዝለሉት፤ ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል።

2. ማቡካት። ለስላሳ ስለሆነና ጭቃውን አጥብቆ ስለሚይዝ የጤፍ ጭድ ይመረጣል። ደጋ ላይ ካልተገኘ የገብስ ገለባ በጣት ርዝመት ተቆራርጦ ይሠራል። አፈሩን፣ ጭዱንና ውሃውን አሹትና ሸፍናችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩት፤ በየቀኑ አገላብጡት። ሽታው ሲከረፋ አትደንግጡ፤ ጭዱ እየበሰበሰ ጭቃውን የሚያጣብቅ ያደርገዋል።

3. ማጽዳት። የላላውን ሁሉ ፍቁ፤ የስንጥቁን ውስጥ ከአፉ ሰፋ አድርጉት፣ ጭቃው እንዲነክስ። አቧራውን ጠርጋችሁ ውሃ እርጩ፤ ደረቅ መደብ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ይሰነጥቀዋል።

4. መምረግ። በቀጭን ጭቃ ውስጡን እሹና ወፍራሙን በመዳፍ ተጭናችሁ ሙሉ። ጥልቅ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትድፈኑት፤ ከጣት ውፍረት ያልበለጠ ንጣፍ ደርቆ ሲጠነክር ላዩን ጫር ጫር አድርጋችሁ ቀጣዩን ጨምሩ።

5. ማለስለስ። በተነፋ አፈርና በደቃቅ አሸዋ ስስ ልስን አልብሱት። ጣት ሲጫኑት የማይሰምጥ፣ ግን ገና ቀዝቃዛ ሲሆን በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ አሹት።

ወቅቱን አስቡበት። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ውርጭም አለ። በአዲስ ጭቃ ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ከሆነ ልስኑን ያፈርሰዋል። ጠዋት ጀምሩ፣ ማታ በጆንያ ሸፍኑ። ለማፋጠን ብላችሁ አጠገቡ እሳት አታንድዱ፤ ይሰነጠቃል። በክረምት ደግሞ አለመጀመር ይሻላል።

ላዩን በእበት መለቅለቅ ለወለልና ለግድግዳ መልካም ነው። ምግብ የሚከተፍበት ላይ ግን እናቶቻችን ቢቆጡም አልመክርም፤ ሙሸማ አንጥፉበት፣ በእንጨት መክተፊያም ሥሩ።

የሲሚንቶ ሊሾ ከሆነ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የተነፋ አሸዋ ይበቃል። ሲሚንቶ በኪሎ የሚቸረችር ሱቅ ካለ ሙሉ ከረጢት አትግዙ። ስንጥቁን አስፍታችሁ አርጥቡ፣ በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀቡ፣ ሙሉና አለስልሱ። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ከተቻለ ሳምንት ውሃ አጠጡት፤ ቶሎ የደረቀ ሲሚንቶ ዱቄት ይሆናል። ሎሚና የቦካ ሊጥ ሊሾን ስለሚበሉ ቡሃቃውን ትሪ ላይ አስቀምጡ።

በመደብ ፋንታ የቺፑድ ጠረጴዛ ካላችሁና ጠርዙ ካበጠ በደንብ አድርቁት፤ ሰጋቱራ በእንጨት ኮላ ለውሳችሁ ሙሉና በብርጭቆ ወረቀት አሹት።

የጠገናችሁት ስንጥቅ በዚያው መስመር ደግሞ ከተከፈተና ወደ ግድግዳው ከወጣ፣ ምክንያቱ መደቡ ሳይሆን የቤቱ መሠረት መስመጥ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጭቃችሁን አታባክኑ፤ ለአከራይ ንገሩ፣ ወጪውም የእነሱ ነው።