«ከሰል ወደ ኒውካስል መጫን»
ስለ ከንቱ ድካም የሚነገር የእንግሊዞች ምሳሌ

መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆች ቃሉን አንድ በአንድ ተርጕመው ምሥጢሩን ሳያገኙት የሚቀሩበት ምሳሌያዊ ንግግር ብዙ ነው። ከነዚህም አንዱ «ከሰል ወደ ኒውካስል መጫን» የሚለው ነው።

1ኛ፤ ምንጩ። ኒውካስል በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በታይን ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። በአካባቢዋ የድንጋይ ከሰል እየተቈፈረ ብዙ መቶ ዓመት ሙሉ በመርከብ ወደ ሎንዶን ሲጫን ኖረ። ስለዚህ ከሌላ ስፍራ ከሰል ገዝቶ ወደዚያች ከተማ የሚወስድ ነጋዴ የጭነቱን ኪራይ ከፍሎ ገዢ ያጣ ነበር። ንግግሩ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት የታወቀ ነበረ። የከተማይቱ የከሰል ንግድ ቀርቷል፤ ምሳሌው ግን አልቀረም።

2ኛ፤ ትርጓሜው። አንድን ነገር ሞልቶ ወደ ተረፈበት ስፍራ ማምጣት ማለት ነው። ለቆላ ልጅ «ከጎንደር ገበያ ሰሊጥ ገዝቶ ወደ መተማ መጫን» ቢሉት ወዲያው ይገባዋል። ሰሊጥ ከመተማና ከቋራ ቆላ ወደ ደጋና ወደ ባሕር ማዶ ይወጣል እንጂ ከደጋ ወደዚያ አይወርድምና።

3ኛ፤ አገባቡ። ከንቱ ድካም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ድካሙ ቢበዛ ነገሩ የማይለወጥ ሲሆን «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እንላለን። ጊዜው ካለፈ በኋላ ለሚተጋ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ እንግሊዞችም ይህንኑ «ፈረሱ ከወጣ በኋላ የጋጣውን በር መዝጋት» ይሉታል። ያለቀለትን ነገር ደጋግሞ ማንሣት ደግሞ በእነርሱ ዘንድ «የሞተ ፈረስ መግረፍ» ነው። የከሰሉ ምሳሌ ግን ከነዚህ ይለያል፤ ሥራው ይቻላል፣ ጊዜውም አላለፈም፤ ነገር ግን ተቀባዩ አይፈልገውም። ምሳሌ፤ «ፍሬው ሳይረግፍ ሰሊጥህን እጨድ ብሎ የመተማን ገበሬ መምከር ከሰል ወደ ኒውካስል መጫን ነው።»

4ኛ፤ ማስጠንቀቂያ። ዘግይቶ የሚያፈራ ድካም ከንቱ ድካም አይደለም። በመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ የሚያደሙ ሰዎች በበጋ ቅርፊቱን በስለት ይልጣሉ። በመጀመሪያው ጊዜ የሚገኘው ዕጣን እጅግ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን አይተዉም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ቁስሉን ያድሱታል፤ እንዲህ እየደጋገሙ ሲሄዱ ዕጣኑ ይበረክታል። ከመጠን በላይ የቈሰለ ዛፍ ግን ይደክማል፤ ይሞታልም።

ፊደል ቶሎ ያልገባውን ወይም በአጨዳ ወራት ከትምህርት የቀረውን ልጅ «እርሱን ማስተማር ውኃ መውቀጥ ነው» የሚል መምህር ይህን ያስብ። ቃሉ በልጁ ጆሮ ከገባ፣ ልጁ ራሱን እንደ ውኃ ይቈጥራል፤ አባቱም ከትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ እርሻ ይመልሰዋል። ስለዚህ መምህሩ ይደጋግም፤ ሲደጋግምም በልክ ይሁን። ሽማግሎችም ምሳሌውን በስፍራው ይናገሩት።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ።
1. የኒውካስል ሰው የሌላ አገር ከሰል የማይገዛ የነበረው ስለ ምንድር ነው?
2. «ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ከከሰሉ ምሳሌ በምን ይለያል?
3. ከአገራችሁ ገበያ ሌላ ሸቀጥ መርጣችሁ ይህንኑ ምሳሌ በአማርኛ ሥሩ።