በሜዳ ጠርዝ የታየ፣ በመግለጫ ክፍል የተጠየቀ፦ በሽንፈት ወቅት ስለ ተጫዋቾች አኳኋን የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከጨዋታ በኋላ ለተሸናፊ ተጫዋች የሚቀርቡ የጋዜጠኞች ጥያቄዎች በጥቅሉ በሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ዓይነት በሜዳ ውስጥ የተሠራውን ይመለከታል፤ ኳሱ እንዴት ተነጠቀ፣ ስልቱ ለምን ከሸፈ የሚል ነው። ሁለተኛው ተጫዋቹ ከሜዳ ወጥቶ በጠርዙ ላይ ሳለ ያሳየውን አኳኋን ይመለከታል፤ ለምን ሳቀ፣ ለምን ፎጣ ተከናነበ፣ ለምን ዝም ብሎ ቆመ የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ዓይነት ከአሜሪካ ፉትቦል በተወሰዱ አጋጣሚዎች ይመረምራል (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። የጽሑፉ መከራከሪያ እንዲህ ያለው ጥያቄ ፈጽሞ ሊነሳ አይገባም የሚል አይደለም። ይልቁንም ጥያቄው ፍሬ ማፍራቱ ወይም ጠብ መጫሩ በአብዛኛው የሚወሰነው በመነሻው ነው የሚል ነው፤ መነሻው ድምፅ አልባ ምስል ሲሆንና በቦታው የነበረ ሰው ቃል ሲሆን ውጤቱ አንድ አይደለም።

አጋጣሚዎቹ ከአሜሪካ ፉትቦል የተወሰዱት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ስፖርት እያንዳንዱ ቡድን ለማጥቃትና ለመከላከል የተለያዩ ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ስለዚህ የማጥቃቱ መሪ የሆነው ኳርተርባክ ኳሱ በተጋጣሚው እጅ በሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ከሜዳው ጠርዝ ይቆያል። በእግር ኳስ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚታየው ያልተሰለፈ ወይም የተቀየረ ተጫዋች ነው፤ እዚህ ግን የቡድኑ ዋና ሰው ራሱ የጨዋታውን ጉልህ ክፍል ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ካሜራውም ከእርሱ አይለይም። በዚያ ላይ የሊጉ ደንብ ተጫዋቾች ለጋዜጠኞች እንዲቀርቡ ያስገድዳል። የሲያትሉ ማርሻውን ሊንች በ2014 በዚህ ምክንያት 100,000 ዶላር ተቀጥቷል። ስለዚህ ተጫዋቹ የታየበትን ነገር ሳይጠየቅ የመሄድ ምርጫው ጠባብ ነው።

ኧርቪንግ ጎፍማን በ1959 በታተመው መጽሐፉ ሰዎች በተመልካች ፊት የሚያሳዩትን ጠባይ ከመጋረጃ በስተጀርባ ከሚያሳዩት ለይቶ ተንትኗል። የሜዳው ጠርዝ ከሁለቱ ለአንዱም በቀላሉ አይመደብም። ለተጫዋቾቹ ውኃ የሚጠጡበት፣ የሚማከሩበትና የሚቀላለዱበት ጓሮ ነው፤ ለቴሌቪዥን ተመልካች ደግሞ የመድረኩ አካል ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ድንገት የሳቁ ሰዎች ከውጭ በመስኮት ቢታዩ ምን እንደሚባሉ መገመት አያዳግትም። ውስጥ ያለው ሰው ስለ ምን እንደሳቁ ያውቃል፤ በመስኮት የሚያየው ሳቁን ብቻ ያያል።

ጉዳዩን አጉልቶ የሚያሳየው ህዳር 29 ቀን 2010 በአሪዞና የሆነው ነው። በሀገር አቀፍ ሥርጭት በታየው የሰኞ ምሽት ጨዋታ አሪዞና ካርዲናልስ በሳን ፍራንሲስኮ 27 ለ 6 ተሸነፈ። ሽንፈቱ ለቡድኑ በተከታታይ ስድስተኛው ነበር። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኑ በ18 ነጥብ እየተመራ ሳለ ኳርተርባኩ ዴሪክ አንደርሰን ከጓደኛው ዲውስ ሉቱዊ ጋር ሲሳሳቅ ካሜራ አሳየ፤ የሥርጭቱ ተንታኝም ወዲያው ነቀፈው። በመግለጫው ላይ አንድ የጋዜጣ ዘጋቢ ይህንኑ አንሥቶ፣ በ18 ነጥብ እየተመሩ የሚያስቅ ነገር ምን እንደነበረ ጠየቀው። አንደርሰን ምንም የሚያስቅ ነገር እንዳልነበረ መለሰ። ዘጋቢው ምስሉን ጠቅሶ ደገመ። በዚህ ጊዜ ተጫዋቹ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በየሳምንቱ ልቡን ሰጥቶ እንደሚዘጋጅ በቁጣና በስድብ ቃል እየተናገረ መድረኩን ለቅቆ ወጣ። የዚያን ሳምንት ወሬ ሽንፈቱ ሳይሆን ይህ ቁጣ ሆነ።

ስቲቨን ክሌይማንና ጆን ሄሪቴጅ በ2002 ባሳተሙት የዜና ቃለ መጠይቅ ጥናት የሚያነሷቸው ሁለት ነጥቦች እዚህ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ በውስጡ ታሳቢ ይዞ መምጣቱ ነው። «የሚያስቅ ነገር ምን ነበር?» የሚለው ሳቁ መኖሩንና በሽንፈቱ ፊት ነውር መሆኑን አስቀድሞ ደምድሟል። ተጠያቂው ቀልዱን ቢናገር ነውሩን ያምናል፤ ቢክድ ምስሉ ይመሰክርበታል። ሁለተኛው ጋዜጠኛ ነቀፌታን ከራሱ አርቆ ለሦስተኛ ወገን በመስጠት ገለልተኝነቱን መጠበቁ ነው። በዚህ አጋጣሚ ሦስተኛው ወገን ካሜራው ሆነ። ችግሩ ካሜራ የተባለውን አልሰማም፤ ቢጠየቅም አያስረዳም። ዘጋቢው ግን ሊወቀስ አይገባም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመልካች ያየውን አለመጠየቅ ሥራን ማጓደል ይሆን ነበር። ጉድለቱ ያለው በተከታዩ ጥያቄ ነው፤ ምስሉን ደግሞ በማቅረብ ፈንታ በዚያ ሰዓት በአጥቂዎቹ መካከል የነበረውን መንፈስ ቢጠይቅ ለመልስ በር ይከፈት ነበር።

መስከረም 20 ቀን 2012 በካሮላይና የሆነው ለማነጻጸር ይረዳል። ፓንተርስ በኒው ዮርክ ጃያንትስ 36 ለ 7 ሲሸነፍ፣ ወጣቱ ኳርተርባክ ካም ኒውተን አኩርፎ ተቀምጦ ታየ። ይህን ዐይቶ በጠርዙ ላይ የገሠጸው አንጋፋው የቡድን ጓደኛው ስቲቭ ስሚዝ ነበር፤ መገሠጹንም ለጋዜጠኞች ራሱ ተናገረ። ስለዚህ ጋዜጠኞቹ የያዙት የምስል ትርጓሜ ሳይሆን የአንድ ሰው ቃል ነበር፤ ስሚዝ ምን እንዳለ፣ ኒውተንም እንዴት እንደተቀበለው ሊጠየቅና ሊመለስ የሚችል ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ በዚያ ምሽት ኒውተንን ተክቶ የገባው ተጠባባቂ ያው ዴሪክ አንደርሰን ነበር።

አንዱ ስለሳቀ፣ ሌላው ስላኮረፈ ከተነቀፉ፣ ለተሸናፊ የሚፈቀደው ፊት የትኛው ነው? ታኅሣሥ 19 ቀን 2021 ቶም ብራዲ ታምፓ ቤይ 9 ለ 0 ሲሸነፍ በሜዳው ጠርዝ ታብሌት ወርውሮ ሰብሯል፤ እርሱ ራሱ በኋላ በቀልድ አወራው፤ ጉዳዩም በአብዛኛው በቀልድ ታለፈ። ዕቃ መስበር የአሸናፊነት ጥማት ተደርጎ ሲታይ ፈገግታ ግድ የለሽነት ይባላል። የብራዲ ዝና ሚዛኑን እንዳገዘው አይካድም፤ ቢሆንም ቁጣ ብቻ የታማኝነት ማስረጃ ሆኖ መቆጠሩ የጠያቂዎቹን መስፈርት ያጋልጣል።

የመጨረሻው አጋጣሚ የጄይ ከትለር ነው። ጥር 23 ቀን 2011 ቺካጎ ቤርስ በግሪን ቤይ ፓከርስ 21 ለ 14 ተሸንፎ ከሱፐር ቦውል ሲቀር፣ ከትለር ጉልበቱን ተጎድቶ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወጣ። ካሜራው ግን ያለ ምርኩዝ ቆሞ፣ ስሜት በማይታይበት ፊት አሳየው። ጨዋታው ሳያልቅ ሌሎች የሊጉ ተጫዋቾች በትዊተር ፈሪ ነው ማለት ጀመሩ፤ በመግለጫውም ጥያቄው ይኸው ሆነ። እዚህ ግን ከካሜራው ሌላ የሚጠየቅ ሰው ነበር፤ ጉልበቱን የመረመሩት የቡድኑ የሕክምና ባለሙያዎች። በማግሥቱ በተደረገው የኤምአርአይ ምርመራ የጉልበቱ ጅማት መቀደዱ ታወቀ።