የአልትራቫዮሌት መብራት ለድንጋይ ነጋዴ የሚመሰክረውና የማይመሰክረው

በወሎ በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው ኦፓል በዓለም ገበያ ስም ካተረፈ ወዲህ፣ እንዲሁም በጉጂ በሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው መረግድ በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ ከታወቀ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ የከበረ ድንጋይ ንግድ ብዙ ሰው የሚሰማራበት ሥራ ሆኗል። በኪስ የሚያዝ የአልትራቫዮሌት መብራትም በቀላል ዋጋ ስለሚገኝ፣ ድንጋይ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሁሉ በእጁ ሊያደርገው ይችላል።

ነገር ግን ይህን መብራት እንደ ዳኛ የሚቈጥር ነጋዴ በሁለት ወገን ጉዳት ያደርሳል። ድንጋዩ ስለ በራ ብቻ ሐሰተኛውን በእውነተኛው ዋጋ ገዝቶ ራሱን ያከስራል፤ ወይም ድንጋዩ ስላልበራ ብቻ ከጉድጓድ ያወጣውን የሐቀኛ ሰው ዕቃ አጣጥሎ ይመልሳል። መብራቱ እንደ ምስክር ሊታይ ይገባዋል፤ ምስክርም የሚጠየቀው ባየው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ለይቶ ማወቅ ለነጋዴው ጠቃሚ ትምህርት ነው።

ጨረሩና የድንጋዩ ብርሃን

የሰው ዓይን የሚያየው ብርሃን በቀስተ ደመና እንደሚታየው ከቀይ ጀምሮ በሐምራዊ ያበቃል። ከሐምራዊው ባሻገር ዓይን የማያየው ጨረር መኖሩን ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር እ.ኤ.አ. በ1801 ገለጠ። ይህ የማይታይ ጨረር በአንዳንድ ማዕድናት ላይ ሲያርፍ ወደሚታይ ብርሃን ተለውጦ እንደሚወጣ ደግሞ በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1852 አስረዳ፤ ፍሉዎራይት ከሚባለው ማዕድን ስም ወስዶም ነገሩን «ፍሉዎረሰንስ» ብሎ ሰየመው። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ድንጋዩ ለጥቂት ጊዜ መብራቱን ከቀጠለ ይህ ሁለተኛው ጠባይ ፎስፎረሰንስ ይባላል።

ነጋዴው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው የብርሃኑን ምክንያት ነው። ብዙውን ጊዜ ድንጋዩን የሚያበራው በውስጡ በጥቂቱ የተቀላቀለ ባዕድ ነገር ነው። ማንጋኒዝ ካልሳይትን በቀይ ወይም በብርቱካን ቀለም ያበራዋል፤ ክሮሚየም ቀዩን ዕንቍ፣ ማለት ሩቢን፣ በቀይ ያበራዋል፤ የዩራኒየም ውሕድ ደግሞ ኬልቄዶንን በአረንጓዴ ያበራዋል። በአንጻሩ ብረት የተቀላቀለበት ድንጋይ ብርሃኑ ይደክማል፤ ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። እንግዲህ በስምም በዓይነትም አንድ የሆኑ ሁለት ድንጋዮች ከሁለት ተራራ ቢወጡ፣ አንዱ ሲበራ ሌላው ጨልሞ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

ለዚህ በአሜሪካ በኒው ጀርዚ፣ በፍራንክሊንና በስተርሊንግ ሂል የነበሩት የዚንክ ማዕድን ማውጫዎች መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። ከዚያ የወጣው ድንጋይ በቀን ሲታይ የሚማርክ ላይሆን ይችላል፤ በመብራቱ ሥር ግን ቪለማይት የሚባለው የዚንክ ማዕድን በአረንጓዴ፣ ካልሳይቱም በቀይ እንደ ፍም ይታያል። የፍራንክሊኑ ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የስተርሊንግ ሂሉም በ1986 ተዘግተዋል፤ ድንጋዮቹ ግን እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋሉ። እንዲሁም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተንግስተን የሚሹ ሰዎች ሼላይት የሚባለውን ማዕድን በሌሊት በዚሁ መብራት ይፈልጉት ነበር፤ ሼላይት በደማቅ ሰማያዊ ነጭ ብርሃን ይበራልና።

የመብራቱ ዓይነት

መብራቱ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። የረጅም ሞገዱ 365 ናኖሜትር ገደማ፣ የአጭር ሞገዱ ደግሞ 254 ናኖሜትር ገደማ ነው። በባንክና በመደብር ጠረጴዛ ላይ የገንዘብ ኖት የሚመረመርበት መብራት አብዛኛውን ጊዜ የረጅም ሞገድ ነው። ሼላይትንና አረንጓዴ የሚበራውን ኬልቄዶን በሚገባ ለማየት ግን የአጭር ሞገዱ ያስፈልጋል። ስለዚህ በኖት መመርመሪያ ብቻ የታየ ድንጋይ ግማሽ ምርመራ እንደ ተደረገለት ይቈጠር።

በርካሽ የሚሸጠው የእጅ ባትሪ ብዙ ጊዜ 395 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ራሱ ሐምራዊ ብርሃን ያፈሳል። ያልለመደ ሰውም የባትሪውን ነጸብራቅ የድንጋዩ ብርሃን አድርጎ ይወስደዋል። ይህን ለመለየት ከድንጋዩ አጠገብ አንድ የብረት ማንኪያ ማስቀመጥ ይበቃል፤ በማንኪያው ላይ የታየው ሐምራዊ ነጸብራቅ በድንጋዩም ላይ ቢታይ የመብራቱ ነው እንጂ የድንጋዩ አይደለም።

የአጭር ሞገድ ጨረር ዓይንንና ቆዳን ይጎዳል። መብራቱን በቀጥታ መመልከት፣ እጅንም ከሥሩ ማቆየት አይገባም፤ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የመከላከያ መነጽር ማድረግና ልጆችን ማራቅ ያስፈልጋል። ተራ መስተዋት የአጭር ሞገድን ጨረር ስለሚያግድም፣ በመደብር መስተዋት ሥር እንዳለ የተመረመረ ድንጋይ እንዳልተመረመረ ይቈጠራል።

የአመራመሩ ሥርዓት

አንደኛ፣ ክፍሉን ማጨለም፤ ዓይንም ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩን በማይበራ ጥቁር ጨርቅ ላይ ማስቀመጥ። ነጭ ወረቀትና በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ሸሚዝ በመብራቱ ሥር በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ስለሚበሩ ዓይንን ያሳስታሉ።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩን ከአቧራ፣ ከቅባትና ከክር ብናኝ ማጽዳት። የወሎ ኦፓል ግን ውሃንና ፈሳሽን የመምጠጥ ጠባይ ስላለው በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ቢወለወል ይሻላል።

አራተኛ፣ በመጀመሪያ በረጅሙ፣ ቀጥሎ በአጭሩ ሞገድ ማየት፤ ድንጋዩንም እያገላበጡ ጐኑንና ጀርባውን መመልከት።

አምስተኛ፣ መብራቱን አጥፍቶ ብርሃኑ መቆየት አለመቆየቱን ማስተዋል።

ስድስተኛ፣ የታየውን ወዲያው መጻፍ፤ ይኸውም የመብራቱን ሞገድ፣ የብርሃኑን ቀለም፣ ብርታቱን፣ ድንጋዩ በሙሉ ወይም በከፊል መብራቱን ነው። ያልተጻፈ ምርመራ በክርክር ጊዜ ዋጋ የለውም።

ክፍት ሆድ ያለው ድንጋይ

ጂኦድ የሚባለው ድንጋይ ከውጭ ሲታይ እንደ ተራ ድንጋይ ይመስላል፤ ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ ዙሪያውን ብርጭቆ በሚመስሉ ክሪስታሎች ተለብጦ ይገኛል። ለቤት ጌጥና ለሰብሳቢ ስለሚሸጥ ከውጭ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ያውቁታል።

በመብራቱ ሥር የጂኦዱ ክፍሎች ይለያያሉ። ክሪስታሉ ኳርትዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ አይበራም። በኳርትዙ ላይ የተቀመጠ ካልሳይት ካለ በነጭ፣ በሮዝ ወይም በብርቱካን ቀለም ሊበራ ይችላል። የኬልቄዶኑ ቅርፊት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በአጭር ሞገድ በደማቅ አረንጓዴ ይበራል። በቀን አንድ ዓይነት የሚመስለው ነገር በሌሊት ሁለትና ሦስት ሆኖ መታየቱ ለሻጩ ገበያ ይከፍትለታል፤ ለገዢውም ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር ያስተምረዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን የሰው እጅ የገባበትን ነገር ማጋለጡ ነው። የተሰበረውን ጂኦድ ለመጠገን፣ ወይም ክሪስታልን ከሌላ ስፍራ አምጥቶ ለመለጠፍ የሚያገለግለው ሙጫ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ይበራል። በክሪስታሎቹ ሥር የሚዞር ቀጭን የብርሃን መስመር ወይም የፈሰሰ ጠብታ የታየ እንደሆነ፣ ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ሻጩን ይጠይቅ። አንዳንድ ሙጫ ግን አይበራም፤ ስለዚህ መስመር አለመታየቱ ድንጋዩ አልተነካም ለማለት አያበቃም።

የከበሩ ድንጋዮች

ሩቢ የመብራቱን ወሰን ከሁሉ ይልቅ ያስረዳል። ብረት የሚያንስበት የበርማ ሩቢ በደማቅ ቀይ ይበራል፤ ብረት የሚበዛበት የታይላንድ ሩቢ ግን ብርሃኑ ደካማ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ቬርኒይ እ.ኤ.አ. በ1902 አሠራሩን ያስታወቀው በእሳት ነበልባል የሚሠራው ሩቢ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ በብርቱ ይበራል። በቀይ ብርሃን ተማርኮ ሩቢ የሚገዛ ሰው የፋብሪካውን ሥራ ከተራራው ሥራ አስበልጦ ሊገዛ ይችላል ማለት ነው።

ከአልማዝ የሚበራው ከአራት እስከ ሦስት አንድ እጅ ያህሉ ነው፤ ከሚበሩትም የሚበዙት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣሉ። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ አልማዝ በተደረደረበት ጌጥ ላይ አንዱ በብርቱ፣ አንዱ በደካማ ሲበራ፣ ሌላውም ሲጨልም ማየት የተለመደ ነው። ሁሉም በአንድ ቀለምና በአንድ ብርታት የበሩ እንደሆነ ጥርጣሬ ይገባል፤ ጌጡም ወደ ባለሙያ ይላክ።

መረግድ ብረት ሲኖርበት አብዛኛውን ጊዜ አይበራም፤ አለመብራቱም ነውር አይደለም። በመረግድ ላይ መብራቱ የሚጠቅመው ስንጥቁን ለመመልከት ነው። ስንጥቅን ለመሸፈን የሚገባው ዘይት ወይም ሬዚን በስንጥቁ መስመር ላይ ቢጫማ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ሊያሳይ ይችላል። መረግድን በዘይት ማከም በንግድ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚያስነቅፈው መደበቁ ነው።

ኦፓልን በሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአውስትራሊያ የሚመጣው ኦፓል ብዙ ጊዜ በነጭ ብርሃን ይበራል፤ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ሊቆይ ይችላል። የወሎ ኦፓል ግን አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ብርሃን ይሰጣል፤ ወይም ምንም አይበራም። የአውስትራሊያውን የለመደ ገዢ በዚህ ምክንያት የወሎውን ድንጋይ ቢጠራጠር፣ ስሕተቱን በትሕትና ማስረዳት የላኪው ነጋዴ ፋንታ ነው። የኦፓል ዋጋ የሚቈረጠው በቀን ብርሃን በሚታየው የቀለም ጨዋታ ነው፤ በአልትራቫዮሌት መብራቱ ሥር የሚታየው ብርሃን በዚያ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ሆኖም ቀጭን ኦፓል በጥቁር መደብ ላይ ተለጥፎ የተሸጠ እንደሆነ፣ የማጣበቂያው መስመር በጐኑ በኩል ሊበራ ስለሚችል መብራቱ እዚህ ላይ ያገለግላል።

በገበያ ላይ ያለው ሥርዓት

ለምሳሌ ሃያ መረግድ ያለበት ጥቅል ለገዢ ቀረበ እንበል። አሥራ ስምንቱ ጨልመው ቀሩ፤ ሁለቱ ግን በስንጥቃቸው ላይ ሰማያዊ መስመር አሳዩ። ገዢው ሁለቱን ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይችልም፤ አሥራ ስምንቱንም እውነተኛ ናቸው ማለት አይችልም። የሚችለው ሁለቱ ከሌሎቹ እንደሚለዩ ተናግሮ ሻጩን መጠየቅ፣ በአሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ማየት፣ የብርሃን አሰባበራቸውንና ክብደታቸውን በመሣሪያ ማስለካት ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነም የከበረ ድንጋይ መመርመሪያ ላቦራቶሪ የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት ሊጠብቅ ይገባዋል።

ላኪውም በበኩሉ ዘይት የገባበትን፣ ቀለም የተነከረውን፣ የተለጠፈውን ሁሉ በፋክቱሩ ላይ እንደሆነው ቢጽፍ ይጠቀማል። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ መብራትም መሣሪያም ስላለው የተደበቀው ነገር አንድ ቀን መገለጡ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የሚመለሰው አንድ ጥቅል ብቻ ሳይሆን የአገሩ ድንጋይ ስም ጭምር ነው።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ድንጋዩን ከገደል ፈልፍሎ የሚያወጣው ሰው ስለዚህ መብራት የተማረ ላይሆን ይችላል። ገዢው መብራቱን አብርቶ «ይኸው አልበራም» እያለ ዋጋ ቢያስቀንስበት፣ ዕውቀትን ለማታለያ አደረገ ማለት ነው። የወሎ ኦፓልም የሻኪሶ መረግድም ባለመብራታቸው ዋጋቸው እንደማይቀንስ ከዚህ በላይ ተገልጿል፤ ይህን እያወቀ የሚያስቀንስ ሰው ሚዛን ከሚያጎድል ሰው አይለይም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በድንጋይ ንግድ የሚከስረው ብዙውን ጊዜ በአንድ ምልክት ብቻ ተማምኖ የሚፈርድ ሰው ነው። ጨለማ ክፍል፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ሁለቱ ዓይነት መብራት፣ አጉሊ መነጽርና መዝገብ ያሉት፣ ከእነዚህም እያንዳንዱን በየድርሻው የሚጠይቅ ነጋዴ ግን ገንዘቡንም ስሙንም ይጠብቃል።