ቆየት ያሉ የመኪና አላርሞች ብልሽትና የፍተሻ ቅደም ተከተል፦ ከላስታ ደጋ ሁኔታ አንጻር

ይህ አጭር ጽሑፍ መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተገጠሙ፣ ዕድሜ ጠገብ አላርሞች የሚያሳዩትን ብልሽት ከላስታ ደጋ ሁኔታ ጋር ያገናዝባል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ከወልድያ በድልብና በጋሸና በኩል የሚያደርሰው መንገድም ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል። ቅዝቃዜ፣ አቧራና ንዝረት ደግሞ ያረጀ የኤሌክትሪክ ግንኙነትን የሚፈትኑ ናቸው።

አላርሙ የመቆጣጠሪያ ሳጥን፣ ሪሞት፣ ሳይረን፣ የንዝረት ሴንሰር፣ በበርና በኮፈኖ ላይ የሚገኙ ማብሪያዎች፣ እንዲሁም ሞተር እንዳይነሣ የሚከለክል ሪሌ አሉት። ብልሽት ሲያጋጥም ፍተሻው ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ተፈታሽ የመኪናው ባትሪ ነው። ሙሉ ኃይል ያለው ባትሪ መኪናው ቆሞ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። የቆመ መኪና ጠቅላላ ፍጆታ 50 ሚሊአምፔር ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር-ሰዓት ይወስዳል፤ ስለዚህ ባለ 60 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በ25 ቀን ግማሽ ኃይሉን ያጣል። የጎብኚ እንቅስቃሴ በሚቀዘቅዝበት ክረምት ለሳምንታት የቆመ መኪና ሌሊት ቢጮኽ፣ ሌባ ከመጠርጠር በፊት ቮልቱን መለካት ይገባል፤ የራሱ ውስጣዊ ባትሪ ያለው ሳይረን የዋናው ኃይል መውረድ እንደ መቆረጥ ሊቆጠርበት ይችላልና።

ሁለተኛው የሪሞቱ ባትሪ፣ ሦስተኛው ፊውዝና ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የማሳ ሽቦ ናቸው። ቀጥሎ የዛጉ ወይም አቧራ የገባባቸው የበርና የኮፈኖ ማብሪያዎች ይታያሉ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የሚጮኽ አላርም ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የሴንሰሩን ንቃት መቀነስ ነው። ሪሞቱ ጨርሶ ካልሠራ፣ በብዙዎቹ ሥሪቶች ቁልፉን አብርቶ «ቫሌት» የተባለውን ስውር ማብሪያ መጫን አላርሙን ያቆመዋል።

የመጨረሻውና አሳሳቢው ሪሌው ነው። ቁልፉ ለማስነሣት ሲዞር ከሪሌው በፊት ቮልት ኖሮ ከሪሌው በኋላ ከጠፋ፣ ጉድለቱ በሪሌው ወይም በሚያዝዘው መሥመር ላይ ነው። ዋናው ጥያቄ ሪሌው የቱን መሥመር ይቆርጣል የሚለው ነው። የሞተሪኖውን መሥመር የሚቆርጥ ሪሌ ቢበላሽ መኪናው አይነሣም እንጂ በጉዞ ላይ ያለ ሞተር አያጠፋም። የማቀጣጠያውን ወይም የነዳጁን መሥመር የሚቆርጥ ከሆነ ግን የላላ ግንኙነት ሞተሩን በቁልቁለት መሐል ሊያጠፋው ይችላል፤ ያን ጊዜ የኃይል መሪ ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

በተቃራኒው ወገን የሚነሣው ክርክር ቀላል አይደለም። በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና በዳገት ላይ ከቆመ ያለሞተሪኖ ተንከባልሎ ሊነሣ ስለሚችል፣ ሞተሪኖውን ብቻ መቁረጥ ጥበቃውን ያላላል። ይህ ክፍተት ግን በመሪ መቆለፊያ ሊደፈን ይችላል፤ በቁልቁለት ላይ የጠፋ ሞተር የሚያስከትለው አደጋ ግን መተኪያ የለውም። ስለዚህ በደጋ መንገድ ለሚመላለስ መኪና፣ ቆራጩን ወደ ሞተሪኖው መሥመር አዛውሮ ሜካኒካዊ መቆለፊያ መጨመር የተሻለው ምርጫ ነው።