የተጎታች ቤት ክሪክ ዘይት ሲያፈስ

አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ ተጎታች ቤቶች በቆሙበት ወለላቸው እንዳያዘም የሚያደርጓቸው በሃይድሮሊክ የሚሠሩ ክሪኮች ናቸው። በባትሪ የሚንቀሳቀስ አንድ ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ ወደየክሪኩ ይገፋል፤ ግፊቱም በብዙዎቹ ላይ እስከ 3000 ፒኤስአይ ይደርሳል። በትንንሾቹ ላይ የሚገኘው በእጅ ወይም በኤሌክትሪክ የሚዞር ድጋፍ ግን ዘይት የለውም።

በክሪክ ብቻ በተያዘ ቤት ሥር መግባት ራስን ለሞት መስጠት ነው። አስቀድሞ ጎማዎቹ ታኮ ይደረግላቸዋል፤ ሻሲው በጠንካራ የብረት ድጋፍ ይያዛል። ብዙ ሰው የሚንቀው አደጋ ግን ሌላ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ከምታህል ስንጥቅ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ በመጀመሪያ እሾህ የወጋው ይመስላል፤ ውሎ ሲያድር ግን እጅ እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ስለሚችል፣ ባያምም እንኳ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። ፍሳሽ በካርቶን እንጂ በጣት አይፈለግም።

ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ የሚንጠባጠብበት ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። ሁሉም ተጠርጎ ከደረቀ በኋላ ክሪኩ ይሠራና መጀመሪያ የረጠበው ከፍተኛው ነጥብ ይታያል። የቱቦ መጋጠሚያ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው፦ ክሪኮቹ ይሰበሰባሉ፣ ባትሪው ይነቀላል፣ ከዚያ በሁለት መፍቻ፣ አንዱ ይዞ ሌላው እያዞረ፣ በልኩ ይጠብቃል። ከልክ በላይ ማጥበቅ አፉን ይሰነጥቀዋል። ብረት ከብረት ጋር በሚገጥምበት ሾጣጣ መጋጠሚያ ላይ ነጩን የቧንቧ ፕላስተር መጠቅለል አይገባም፤ ብጣሹ ገብቶ ቫልቭ ይዘጋል። የተሰነጠቀ ቱቦ አይጠገንም፤ አሮጌው ወደ ሃይድሮሊክ ቱቦ ሠሪ ተወስዶ በርዝመቱና በግፊት አቅሙ ልክ አዲስ ይሠራለታል።

በክሪኩ ዘንግ ላይ ስስ የዘይት ቅባት መታየቱ ጤነኛ ነው፤ መንጠባጠቡ ግን የጎማ ማሸጊያው ማለቁን ያሳያል። ዘንጉ ከተጫረ ወይም ከጎበጠ ማሸጊያ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ክሪኩ ራሱ ይቀየራል።

ውጭ ምንም ሳይታይ ቤቱ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ውስጥ ማሸጊያ ይሄዳል። ነገር ግን ዘይት በብርድ ስለሚኮማተር፣ ከቀዝቃዛ ሌሊት በኋላ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም።

የዘይቱ መጠን የሚታየው ክሪኮቹና ወደ ውጭ የሚወጡት የቤቱ ተንሸራታች ክፍሎች ሁሉ ተሰብስበው ነው። ብዙዎቹ ሲስተሞች የሚጠቀሙት በሱቅ ኤቲኤፍ የሚባለውን ቀዩን የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው፤ ቢሆንም መመሪያ መጽሐፉ የሚለው ይቀድማል። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል። ዘይቱ ከተሞላ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ክሪኮቹ ደጋግመው ወርደው ይነሳሉ፤ ዘይቱም እንደገና ይታያል። የተቀዳው አሮጌ ዘይት ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀማል፤ ብዙ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች በነፃ ይቀበሉታል።